የቆንስላ ወረቀት ዜግነት ይሰጥ ነበር? ጥያቄና መልስ

ስለ ድሮ የውጭ ዜጎች ሕግ የደረሱኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቅድመ አያቴ ከየመኗ የወደብ ከተማ ከኤደን አካባቢ ድሬዳዋ መጥተው የእንግሊዝ ቆንስላ ወረቀት ነበራቸው ይባላል። እንግሊዛዊ ነበሩ ማለት ነው?

መልስ፦ ከኤደን ከተማ ከሆኑ የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዢ ናቸው። ከዙሪያው ሱልጣኔቶች ከሆኑ ግን ጥበቃ ብቻ ነው የነበራቸው፤ ማለትም ተገዢ ሳይሆኑ በእንግሊዝ ከለላ ሥር ነበሩ። ዛሬ በዚያ ወረቀት ፓስፖርት እጠይቃለሁ ካሉ ተስፋ አልሰጥዎትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ መመዝገቡ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ለክስ ነዋ! በ1900 ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮውስኪ ጋር የተዋዋሉት ውል አንቀጽ 7 ነው ጉዳዩን ያመጣው። ሁለት ፈረንሳዮች ቢካሰሱ ዳኛቸው ቆንስላቸው ነው። ከኢትዮጵያዊ ጋር ከሆነ ኢትዮጵያዊ ዳኛና ቆንስሉ አብረው ይቀመጣሉ፤ የሚሠራበት ሕግ ግን የተከሳሹ አገር ሕግ ነው። አራዳ ላይ ጨርቅ በዱቤ የወሰደ የፈረንሳይ ሰው አልከፍልም ቢል፣ አበዳሪው ሐበሻ በፓሪስ ሕግ ይሟገታል እንደ ማለት ነው። ሌሎቹ መንግሥታትም ያንኑ መብት ወሰዱ። ጥበቃ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ስለሚጠቀም፣ ነጋዴው የአንዱን ሌጋሲዮን (የውጭ መንግሥት መልእክተኛ ጽሕፈት ቤት) ደጅ ቢጠና አይገርመኝም። ውሉ የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስማማ ይላል፤ ተስማማ ብሎ የሚፈርደው ማን እንደሚሆን አስቡት። ያበቃው በ1934 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት ነው፤ ያኔም ቢሆን ችሎቱ ላይ እንግሊዛዊ ዳኛ አልጠፋም።

ጥያቄ፦ እናቱ ሐበሻ፣ አባቱ የውጭ ሰው የሆነ ልጅስ?

መልስ፦ የሐምሌ 1922ቱ የዜግነት ሕግ በአንቀጽ 1 አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። የጋብቻው ሕጋዊነት ግን ይታያል። ጣሊያን በበኩሉ በ1932 ባወጣው ሕግ፣ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጄ ነው እንዳይል ከለከለ።

ጥያቄ፦ ወረቀት ያለው ሰው አይባረርም ነበር?

መልስ፦ በወረራው ዘመን ይባረር ነበር። የሕንዶቹ የመሐመድ አሊ ኩባንያ የእንግሊዝ ተገዢነቱ ከመባረር አላዳነውም። ኢትዮጵያውያኑማ ከየካቲት 12 በኋላ ወደ ጣሊያኗ ደሴት አዚናራ፣ ወደ ቀይ ባሕሯ ደሴት ኖኩራ፣ ሶማሊያ ውስጥ ወዳለው የደናኔ እስር ቤት ተጋዙ።

ጥያቄ፦ መዝገቡን የት ላገኝ እችላለሁ?

መልስ፦ የፈረንሳይ ቆንስላዎች መዛግብት ናንት ከተማ፣ የእንግሊዝ ደግሞ ለንደን ኪው ናቸው። ጸሐፊዎቹ ስሙን እንደ ሰሙት ስለሚጽፉ፣ የአያትዎን ስም በሦስት በአራት ዓይነት አጻጻፍ ይፈልጉ።