የስሜን ገደል ለምን ተደራረበ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ባለፈው ጥር ከጓደኞቼ ጋር ስሜን ተራሮች ሄደን ነበር። እሜት ጎጎ ላይ ቆመን ገደሉን ስናየው መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ተደራርቧል። አስጎብኚያችን ራስ ደጀን ድሮ እሳተ ገሞራ ነበር አለን። እውነት ነው? ከሆነ አፉ የታለ? ተመልሶስ አይፈነዳም ወይ? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ወንድማችን፣ እውነት ነው፤ ግን ራስ ደጀን ብቻውን አይደለም። መላው ስሜን አንድ ትልቅ እሳተ ገሞራ ነበር።

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ መሬቱ እየተሰነጠቀ ቅልጥ ዐለት ይወጣ ነበር። ቀጠን ያለ ስለነበር ሩቅ ይፈስሳል፣ ይበርዳል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያ ሌላው መጥቶ በላዩ ይተኛል። እንጀራ ያልከው ይሄንን ነው። ባዛልት ይባላል፣ እኛ ጥቁር ድንጋይ የምንለው። እንዲህ ባለ ድርብርብ መሃል አንዳንዴ ቀጭን ቀይ መስመር ይታያል፤ እሱ አፈር ነው! አንዱ ፈስሶ ሌላው እስኪመጣ ጊዜው ስለረዘመ ድንጋዩ አፈር እስከመሆን ደርሶ ነበር፣ ከዚያ አዲሱ ፍሳሽ መጥቶ አቃጠለው። እኔን ከሁሉም የሚደንቀኝ ይሄ መስመር ነው።

የስሜን እሳተ ገሞራ የተነሳው በዚህ ሁሉ ክምር ላይ ነው። ቅርጹም ሾጣጣ ሳይሆን እንደተደፋ ጋሻ ዘርጋ ያለ ነበር። አፉን ብትፈልገው አታገኘውም። ዝናብና ወንዝ በልተውታል፤ በበረዶው ዘመንም ራስ ደጀንና ቧሂት አካባቢ ግግር በረዶ ነበር፣ እሱም የድርሻውን ፍቋል። መሬቱ ከሥር ከፍ እያለ ሲሄድ ደግሞ ወደ ተከዜ የሚወርዱት ወንዞች ይበልጥ ቁልቁል ቆፈሩ፤ ገደሉ አንዳንድ ቦታ 1,500 ሜትር ድረስ የሚወርደው ለዚህ ነው። ጅንባር ፏፏቴም ዛሬ ያንኑ እየሠራ ነው። ስለዚህ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚረዝመው ራስ ደጀን ከጎረቤቶቹ በልጦ ያደገ እንዳይመስልህ፣ ሳይበላ የቀረ ነው።

ይፈነዳል ወይ ላልከው፣ አትስጋ። ስሜን ከጠፋ በኋላ እንኳ ጮቄ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ጉና ደግሞ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተነስተው እነሱም ጠፍተዋል። እሳቱ ዛሬ ያለው ስምጥ ሸለቆና አፋር ውስጥ ነው። ዛሬም ያልጠፋ እሳተ ገሞራ በዓይንህ ማየት ካማረህ፣ መንገድህ አፋር ወዳለው ኤርታሌ ነው።