‹ወዴት ልውሰደው ልጄ?›

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ‹ቴክ› ከሚለው ግስ ጋር አብረው የሚሄዱትን ስሞች ለተማሪዎቼ አስጠናለሁ፤ ፈተና፣ መድኃኒት፣ ጊዜ፣ ፎቶ፣ ታክሲ፣ ሻወር፣ እረፍት። ወደ አማርኛ መልሱ ስላቸው ከዳር እስከ ዳር ‹ወሰደ› ብለው አመጡልኝ። ላርም ስነሣ ‹መምህር፣ በቴሌቪዥንም እንደዚሁ ነው የሚባለው› አሉኝ። ስሕተት ነው ልበል ወይስ ቋንቋው ሄዶ እኔ ቀርቻለሁ?

መልስ፦ መምህር፣ እርስዎ አልቀሩም። ጥያቄዎን ሳነብ ባለፈው ክረምት ደሴ ፒያሳ ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜአለሁ። ከፊቴ የነበሩትን እናት ወጣቱ ባለሙያ በትሕትና ‹እናቴ፣ ሁለቱንም በቀን ሦስት ጊዜ ይውሰዱ› አላቸው። እናት አንዱን ጠርሙስና አንዱን እሽግ አገላብጠው አዩና ‹ወዴት ልውሰደው ልጄ?› ሲሉ ጠየቁት። ልጁ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያም እሽጉን እያሳየ ‹ይህን ይዋጡት›፣ ጠርሙሱን እያሳየ ‹ይህን ደግሞ በማንኪያ ይጠጡት› አላቸው። መርቀውት ወጡ።

የእኚያ እናት ጥያቄ ለእርስዎም መልስ ይሆናል። በአማርኛ ኪኒን ይዋጣል፣ ሽሮፕ ይጠጣል፣ ቅባት ይቀባል፣ መርፌ ይወጋሉ፣ የዓይን መድኃኒት ጠብ ይደረጋል። ግሱ ራሱ መድኃኒቱ በየት በኩል እንደሚገባ ይናገራል። ‹ይውሰዱ› ሲባል ግን አፍም ቆዳም አልተነገረም፤ ለበሽተኛ ደግሞ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

እንግሊዝኛው ለምን ሁሉን በአንድ ግስ ይላል ቢሉ፣ ልማድ ነው እንጂ ከልማድ የጠለቀ ምክንያት የለውም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። ውሳኔን አሜሪካዊው ‹ይሠራል›፣ ብሪታንያዊው ብዙ ጊዜ ‹ይወስዳል›፤ ገላ መታጠብን አሜሪካዊው ‹ይወስዳል›፣ ብሪታንያዊው ‹አለው› ይላል፤ ፈተና ላይ ደግሞ ብሪታንያዊው ‹ይቀመጣል›። ‹ለፈተና ተቀመጠ› የምንለው ከዚያ ሳይመጣ አልቀረም። በየትኛውም ቋንቋ ስም የራሱን ግስ ይመርጣል፤ ግሱን ከስሙ ነጥሎ መተርጎም ሙሽራን ትቶ ሚዜን መዳር ነው።

እንዲያውም ‹ቴክ› ለእንግሊዝኛ መጤ ቃል ነው። በ9ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ይዘውት የመጡት ‹ታካ› ነው። አገሬው ቀድሞ ‹ኒማን› የሚል የራሱ ግስ ነበረው፤ ጀርመኖች ዛሬም ‹ኔመን› የሚሉት የእርሱ ዘመድ ነው። መጤው ባለቤቱን አስወጥቶ ቤቱን ወረሰ። የአሮጌው ግስ ርዝራዥ ከቀረባቸው ቦታዎች አንዱ ‹ነም› የሚለው ቃል ነው፤ እጅ እግር ሲደነዝዝ የሚሉት። መነሻ ትርጉሙ ‹የተወሰደ› ማለት ነበር።

ይህን ‹የተወሰደ› ልብ ይበሉልኝ፤ የእኛን ‹ወሰደ› ጠባይ የሚያሳየው እርሱ ነውና። የአማርኛው ‹ወሰደ› ዕቃ ከማንሣት አልፎ ወደ ምሳሌያዊ ፍቺ ሲሻገር፣ ወሳጁ አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይደለም፤ ሰው ተወሳጅ ነው። ‹እንቅልፍ ወሰደኝ› እንላለን። እንግሊዛዊው ሸለብታን ራሱ ‹ይወስዳል›፤ እኛን ግን እንቅልፍ ነው የሚወስደን። ቦርከና ሲሞላ ከብት ይወስዳል። ማታ ባቲ ወይም አምባሰል ሲዜም ያልሰማ ወሎዬ የለም፤ ትዝታው ሲቀኝማ ቡናው እፊቱ እየቀዘቀዘ ሐሳብ ጭልጥ አድርጎ ይወስደዋል። ጎርፍ፣ እንቅልፍ፣ ሐሳብ፤ ሁሉም ከሰው አቅም በላይ የሆኑ ናቸው። ‹ሻወር ወሰድኩ› ስንል እኛ ጎርፉን ወሰድነው እንደማለት ሆኖ ጆሮን የሚቆረቁረው ለዚህ ይመስለኛል። ገላዬን ታጠብኩ ማለት ምን ጎደለው?

ሌሎቹን ልሂድባቸው። ጊዜ ‹ይፈጃል›። ፈጀ እሳት ሲያቃጥል፣ ወረርሽኝ ሲጨርስ የምንለው ቃል ነው፤ ከደሴ አዲስ አበባ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቀን ይፈጃል ስንል ቀኑ ሲነድ ይታየናል። ‹ይወስዳል› እዚህ ሥር ስለሰደደ ተማሪን አልቀጣበትም፤ ግን ‹ይፈጃል›ን አስታውሳለሁ። ታክሲና ባጃጅ ‹ይያዛል›፤ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ‹ባጃጅ ወሰድኩ› የሚል ሰው ባለንብረቱ ፖሊስ ይጠራበታል። ፎቶ ያነሣሉ፣ ይነሣሉ። ፈተናም ያው ነው፤ ተፈታኝ ‹ተፈተነ›። ‹ፈተናውን ወሰደው› ሲባል ለእኔ መጀመሪያ የሚታየኝ ወረቀቱ ከክፍል መውጣቱ ነው።

‹እረፍት ወሰደ› የሚለው ግን ቆም ብዬ እንዳስብ ያደርገኛል፤ ምክንያት አለውና። ‹ዐረፈ› የምንለው ለሞተም ሰው ነው። ‹አባቴ ቤት ገብተው ዐረፉ› የሚል መልእክት በስልክ ቢደርስዎ ነጠላ ሊያዘቀዝቁ ይችላሉ። ወጣቶቹ ወደ ‹እረፍት ወሰደ› የሸሹት ይህን ፈርተው ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ነገር ግን አማርኛው መውጫውን አስቀድሞ አበጅቷል፤ ‹ዐረፍ አሉ›። ‹አለ› የምትለዋ ትንሽ ግስ ሞቱን አስወግዳ አጭሩን ዕረፍት ብቻ ታስቀራለች። ወሎ ውስጥ የማንንም ደጃፍ ቢረግጡ መጀመሪያ የሚሰሙት ‹ዐረፍ በሉ› ነው፤ የሚደነግጥም የለም። ከመሥሪያ ቤት የዓመት ፈቃድ ከሆነ ‹እረፍት ወጣ› ይበሉ።

ቴሌቪዥኑን በተመለከተ ተማሪዎችዎ እውነት አላቸው። ዜና የሚያዘጋጁ ሰዎች ብዙውን ነገር ከእንግሊዝኛ በጥድፊያ ይመልሳሉ፤ ጥድፊያው ደግሞ ግስ ለመምረጥ ፋታ አይሰጥም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ጋዜጠኛው የተናገረውን ልጁ ፈተና ላይ ይጽፈዋልና። ስለዚህ ለክፍልዎ አንድ ነገር ይሞክሩ። ግሱን ትተው ስሙን ብቻ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ‹ኪኒን›፣ ‹ታክሲ›፣ ‹ፎቶ›። ከዚያ ‹እንግሊዝኛ የማታውቅ አያታችሁ ይህን ምን ታደርገዋለች?› ብለው ይጠይቁ። ልጆቹ ሳያመነቱ ትዋጠዋለች፣ ትይዘዋለች፣ ትነሣለች ይላሉ።

አያት መልስ የማትሰጥባቸው ጥቂት ይቀራሉ። ‹እርምጃ ወሰደ› ከነዚህ አንዱ ነው፤ ከውጭ የመጣ ቢመስለኝም ቦታውን የሚሞላ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ‹ኃላፊነት ወሰደ›ም ከ‹ተቀበለ› እና ከ‹ተሸከመ› ጎን ለጎን መኖር ይችላል። ለእነዚህ ሁለቱ ነጥብ አይቀንሱባቸው።