የሜሪላንድ ዋጋ በጎንደር ብር ሲመነዘር

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ሲሆን መተዳደሪያዬ መምህርነት ነው፤ የተጣራ የወር ደመወዜ 12,000 ብር ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ፀጉር ለመቆረጥ ከነጉርሻው 25 ዶላር እንደሚከፈል፣ አንድ ጋሎን ቤንዚን 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንደሆነ፣ እኔ እዚህ 42,000 ብር የከፈልሁበት ስልክ ደግሞ እዚያ 200 ዶላር እንደተለጠፈበት ነገረችኝ። አንዱን ዶላር በ150 ብር ሳሰላው ፀጉር መቆረጡ 3,750 ብር፣ ቤንዚኑ 525 ብር መጣ። እኔ አራዳ የምቆረጠው በ150 ብር ነው። እህቴ «እናንተ ዘንድ ኑሮ ርካሽ ነው» ትላለች፤ እኔ ግን ደመወዜን ከወር ወር ማድረስ አቅቶኛል። ስሌቱ የሚሳሳተው የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማባዛቱን በትክክል ሠርተዋል። ከሁሉ በፊት ግን መስፈሪያውን እናስተካክል። አንድ የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር ስለሆነ 525 ብሩ በሊትር ወደ 139 ብር ይወርዳል፤ እርስዎ በከተማዎ ማደያ ከሚከፍሉት ጋር ማነጻጸር ያለብዎት ይህን ነው። በአሜሪካ መደብሮች በዕቃ ላይ የሚለጠፈው ዋጋም እንደ ደንቡ የሽያጭ ግብርን አይጨምርም፤ በሜሪላንድ ግብሩ 6 በመቶ ስለሆነ እህትዎ ለስልኩ የሚከፍሉት 212 ዶላር ነው።

ዋናው ጉዳይ የምንዛሪ ተመን ምን እንደሚለካ ማወቅ ነው። ተመኑ የዶላር ዋጋ ነው፤ በአንድ በኩል ቡና፣ ወርቅና ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልኩና ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው፣ በሌላ በኩል ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማሽን የሚያስመጡ ሰዎች የሚገናኙበት ዋጋ ነው። የአራዳው ፀጉር አስተካካይ በዚያ ገበያ ውስጥ የለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በእነዚያ ሳምንታት የጎንደር ፀጉር አስተካካይ ዋጋ በዶላር ሲሰላ በግማሽ ገደማ ወረደ፤ በመቀሱም ሆነ በደንበኛው ኪስ ውስጥ ግን በዚያው ልክ የረከሰ ነገር አልነበረም። በተመን ብቻ የሚሠራ ንጽጽር እንዲህ ያለውን የማይሆን ውጤት ይሰጣል።

አሁን የራስዎን ቁጥሮች በሌላ መንገድ እንመልከታቸው። የጎንደሩን 150 ብር ለሜሪላንዱ 25 ዶላር ቢያካፍሉ፣ በፀጉር መቆረጥ በኩል አንድ ዶላር የሚተካከለው 6 ብርን ብቻ ነው። በስልኩ በኩል ግን 42,000 ለ212 ሲካፈል አንድ ዶላር 198 ብር ይሆናል፤ ይህም ከባንኩ ተመን ይበልጣል። ስልክ በመርከብና በጭነት መኪና የሚጓዝ ዕቃ በመሆኑ የዓለም ዋጋውን ይዞ ይመጣል፤ በዚያ ላይ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ይታከልበታል። የመተማ ሰሊጥም ከእኛው ማሳ ቢታፈስም የውጭ ገዢ ስላለው ዋጋው የዓለምን ገበያ ይከተላል። ፀጉር መቆረጥን ግን ማንም በመርከብ ጭኖ አያመጣውም፤ ዋጋው የሚቆመው በአካባቢው የሠራተኛ ክፍያ ላይ ነው። የሜሪላንዱ አስተካካይ በሙያው ከእኛው አይበልጥም፤ በዙሪያው ያሉ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች ብዙ ስለሚያመርቱና ብዙ ስለሚከፍሉ፣ ወደ እነርሱ እንዳይሄድ የእሱም ገቢ ከፍ ማለት ነበረበት። ይህንን ምክንያት የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1964 በየፊናቸው አብራርተውታል።

የአገሮችን የዋጋ ደረጃ በቁም ነገር የሚያነጻጽሩ ባለሙያዎች በዚህ ምክንያት ብዙ ዕቃና አገልግሎት ሰብስበው፣ ያንኑ ለመግዛት በየአገሩ ስንት ገንዘብ እንደሚያስፈልግ የሚያነጻጽረውን «የመግዛት አቅም» የሚባል ተመን ያሰላሉ። በዓለም ባንክ አስተባባሪነት ለ2021 እ.ኤ.አ. የተደረገው ንጽጽር 176 አገሮችንና ግዛቶችን ይዟል። ይህም ቢሆን አንድ ከባድ ጥያቄ አለበት፤ የማን አስቤዛ ይለካ? የጎንደርን ቤተሰብ ጤፍ፣ በርበሬና ሽሮ ይዘን ሜሪላንድ ብንሄድ አሜሪካ ከልክ በላይ ውድ ትመስላለች፤ የእዚያን ሰው አይብና የታሸገ ቁርስ ይዘን አራዳ ብንወርድ ደግሞ ውድ የምትሆነው ጎንደር ናት። ባለሙያዎቹ በሁለቱም አስቤዛ አስልተው ወደ መካከሉ ያመጡታል። እኔ ይህን መንገድ ከተመኑ እጅግ አብልጬ አምነዋለሁ፤ ሆኖም የሚነግረን የዋጋን ደረጃ እንጂ የገቢን አይደለም።

የእርስዎን ጭንቀት በትክክል የሚያሳየው የሥራ ሰዓት ነው። በወር 176 ሰዓት ቢሠሩ በሰዓት 68 ብር ገደማ ያገኛሉ፤ ስለዚህ «ርካሹ» የአራዳ ፀጉር መቆረጥ ከ2 ሰዓት በላይ ያሠራዎታል። እህትዎ ከግብር በኋላ በሰዓት 18 ዶላር ያገኛሉ ብንል፣ ውድ ለተባለው የሚሠሩት 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ነው። ስልኩ ለእሳቸው የ12 ሰዓት ሥራ ሲሆን ለእርስዎ የሦስት ወር ተኩል ሙሉ ደመወዝ ነው። ወር መድረስ ያቃተዎት ገንዘብ አያያዝ ስለማያውቁ አይደለም።

እህትዎም ቢሆኑ የተናገሩት ከራሳቸው ቦታ ሆነው ሲታይ እውነትነት አለው። ዶላር ልከው እዚህ ብር ለሚያደርግ ሰው ትክክለኛው መለኪያ የባንኩ ተመን ነው፤ የሚልኩት 100 ዶላር 15,000 ብር ሆኖ እዚያ አራት ጊዜ የሚያስቆርጠው እዚህ መቶ ጊዜ ያስቆርጣል። ያው ገንዘብ ግን እዚያ የስልኩን ግማሽ ገደማ ሲገዛ እዚህ ከሲሶው ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ርዳታ ሲነጋገሩ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ለይተው ይንገሯቸው፤ ለቤት ሠራተኛ ክፍያና ለባጃጅ ከሆነ ትንሹ ዶላር ይበረክታል፤ ከውጭ ለሚገባ መድኃኒት ወይም ለኮምፒዩተር ከሆነ ግን እሳቸው በሚያስቡት መጠን እንደማይበቃ ቁጥሩን አስቀምጠው ያሳዩዋቸው።