መልስ፦ ለሚበር ወፍ ካሜራ ልቀይር?

ወንድሜ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል (ዓሣ ገበያው) ያነሳሃቸው አባ ኮዳዎች (ትልልቆቹ ወፎች) ሲበሩ ስለደበዘዙ ካሜራ ልቀይር ወይ ላልከው፣ ገንዘብህን ያዝ። ችግሩ የሸተር ፍጥነቱ ነው፤ ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ረዝሟል። አውቶውን ተውና ሸተር ፕራዮሪቲ (ፍጥነቱን አንተ የምትመርጥበት) ላይ፣ ካኖን ከሆነ ቲቪ የሚለው ላይ፣ 1/1000 ሰከንድ አድርገው፤ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ካሜራው ይምረጥ። ፎቶው ትንሽ ቢሻክርም ከደበዘዘው ይሻላል።

ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ሂድ። ሐይቁ ከሐዋሳ በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይዋ ከጀርባህ ትሆናለች። ዓሣ ከሚበልቱት ልጆች አጠገብ ቁጭ ብለህ ጠብቅ፤ አባ ኮዳ ሊነሳ ሲል ክንፉን ዘርግቶ ሁለት ሦስት እርምጃ ይንደረደራል፣ ያኔ ደጋግመህ ተጫን። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሰማይ ላይ ያሉትን ወፎች ሳሳድድ አርፍጄ ጥቁር ጥላ ብቻ ይዤ ገባሁ፤ ለካ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን) +1 ማድረግ ነበረብኝ። ልጆቹን ስታነሳ ግን አስፈቅድ፣ አንዳንዶቹ ይቆጣሉ።