ላቦራቶሪ ውስጥ የእሳት አደጋ ልምምድ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ እሳት ልምምድ በተናጠል የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ዛሬ ከሰዓቱን አንድ ላይ ልመልስ ብያለሁ። 11 ዓመት በሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና ስመረምር ኖሬያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ሥራዬ የላቦራቶሪ ደህንነት ነው። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ተነሱና የኋላ በራችሁን ሄዳችሁ ግፉት። ተከፈተ? እሺ፣ አሁን ጠይቁ።

ከሐዋሳ፦ የእሳት ልምምድ እንዴት ነው የሚታቀደው?

መልስ፦ ይሄ በጣም ሰፊ ነው እህቴ። ስንት ሠራተኛ አላችሁ? ስንተኛ ፎቅ ናችሁ? ስንት መውጫ አለ? ታካሚ ይገባል? እነዚህን ይዘሽ ተመለሺ። የኋላ በሩንም ገፍተሽ።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ እኛ የቲቢ ምርመራ ነው የምንሠራው። ናሙና የተቀባበትን መስታወት (ስላይድ) ዚል ኒልሰን በሚባለው የማቅለሚያ ዘዴ፣ በስፒሪት (በአልኮል በሚነድ) መብራት እያሞቅን ነው የምናቀልመው። ልምምዳችን ከሌላው የተለየ መሆን አለበት?

መልስ፦ ይህቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። ብዙ ላቦራቶሪ ልምምዱን «እሳት ተነስቷል፣ ውጡ» ብሎ ይጀምራል። የት ተነሳ? ማን አየው? ምን እየተቃጠለ ነው? ይሄ አይታሰብም። እናንተ ጋ መነሻው የታወቀ ነው፤ የማቅለሚያው ጠረጴዛ። ስላይዱን በነበልባል ታሞቃላችሁ፣ አጠገቡ አሲድ አልኮል አለ፣ ብዙ ጊዜ መሙያው ጠርሙስም ክዳኑ ተከፍቶ እዚያው ይቀመጣል። ኤታኖል 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ ሜታኖል 11 ላይ፣ አሴቶን ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣሉ። በባሕር ዳር ሙቀት ጠርሙሱ ከተከፈተ ለመያያዝ የተዘጋጀ ተን ሁልጊዜ አለ ማለት ነው። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ይሄዳል። ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን በደንብ አይታይም፤ መብራቱ ጠፍቷል ብሎ አልኮል የሚጨምርበት ሰው የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ትኩስ መብራት ላይ አልኮል አትሙሉ።

ስለዚህ ልምምዳችሁ እንዲህ ይጀምር። አንዱ ሠራተኛ ቀይ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ይጥላል፣ መብራቱ ተገለበጠ ማለት ነው። ያየው ሰው ጮክ ብሎ «እሳት!» ይላል። አጠገቡ ያለው የጋዝ ሲሊንደር ካለ ይዘጋል፣ ሌላው ደወል ይመታል። ናሙና የሚከፈትበት መከላከያ ካቢኔት ላይ ያለው ሰው በእጁ የያዘውን ቲዩብ ይከድንና ትቶ ይነሳል፣ ናሙናውን ልጨርስ አይልም። የአክታ ናሙና ሌላ ጊዜ ይሰበሰባል። ጓንቱን እየሄደ ያወልቃል እንጂ ቆሞ አይታጠብም። የመጨረሻው ሰው በሩን ይዘጋል። ይዘጋል እንጂ አይቆልፍም!

ከጎንደር፦ ልምምዱ ሳይነገር ቢሆን አይሻልም? ሰው ሲነገረው ቦርሳውን አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው።

ከመቀሌ፦ አይ፣ አልስማማም። እኛ ጋ ሳይነገር ተደርጎ አንዷ ልጅ ደንግጣ የደም ቲዩብ መደርደሪያ ደረጃው ላይ ጣለች። ልምምዱ ራሱ አደጋ ሆነ።

ከጎንደር፦ መደርደሪያውን ይዛ ለምን ወጣች? እሱን እኮ ነው ልምምዱ ያሳያችሁ።

ከሜሪላንድ፦ እኔ የምሠራበት ላብ ቀኑን ይነግሩናል፣ ሰዓቱን አይነግሩንም። ጥሩ መሃከለኛ ነው።

ከመቀሌ፦ እዚያ እኮ ደወሉን በራሱ የሚያስጮኽ የጭስ መለኪያ አለ። እኛ ጋ ደወሉ ሰው ነው።

መልስ፦ ሁላችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን የተለያየ ደረጃ ላይ ናችሁ። የመጀመሪያው ልምምድ ቀኑም ሰዓቱም ተነግሮ፣ በእግር እየሄዳችሁ፣ እያወራችሁ ይሁን። በሁለተኛው ቀኑ ብቻ ይታወቅ። ሦስተኛውን ኃላፊዎች ብቻ ይወቁት። በሁሉም ግን ጥበቃው፣ ከላይና ከታች ያሉ ጎረቤት ቢሮዎች ይነገራቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ አንዱ ደንግጦ 939 ሊደውል ስለሚችል እነሱም አስቀድመው ይወቁ።

ከአዳማ፦ የትኛውን እሳት ማጥፊያ ብንገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ለአልኮልና ለኤሌክትሪክ ዕቃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ፓውደር። ፓውደር ማሽናችሁን ያበላሻል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሶዲየም ወይም ማግኒዥየም ካላችሁ ሁለቱም አይሆኑም፣ ለብረት የተሠራ ማጥፊያ ወይም ደረቅ አሸዋ ነው።

ከድሬዳዋ፦ ስም ጥሪ በወረቀት ይሁን በቃል?

መልስ፦ በወረቀት። ወረቀቱ ደግሞ ከውጭ በኩል፣ ጥበቃው ጋ ይቀመጥ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። እሠራበት የነበረ ቦታ ልምምድ አድርገን ሁላችንም ወጣን፣ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን፣ ኃላፊው «ሁሉም አለ?» አለ፣ «አለ!» አልን። ተበተንን። 20 ደቂቃ ቆይቶ የዕቃ ማጠቢያ ክፍሏ እናታችን እጇን እየጠረገች ወጣች። ኦቶክሌቩ (ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ሲጮህ ደወሉን አልሰማችም። ስሟ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም፣ ምክንያቱም የተቀጠረችው በጽዳት ድርጅት በኩል ነው። እሳቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ማንም አይፈልጋትም ነበር። ይሄን እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይረበሻል። ዝርዝሩ የደሞዝ ዝርዝር አይሁን። ጽዳት፣ ተለማማጅ ተማሪ፣ ማሽን ሊጠግን የመጣ ቴክኒሻን፣ ደም ሊሰጥ ወንበር ላይ የተቀመጠ ታካሚ፣ ሁሉም ይቆጠር። ጫጫታ ያለበትና ጓዳ የሆነ ክፍል ሁሉ እየሄደ በር የሚያንኳኳ ሰውም አስቀድሞ ይመደብ።

ከአዲስ አበባ፦ ሊፍት መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም።

ከጅማ፦ እሳት ማጥፊያ የትኛው ይሻላል? ለላብ ማለቴ ነው።

መልስ፦ ለአዳማው መልሻለሁ፣ ከፍ ብለህ አንብብ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። የ6 ኪሎ ማጥፊያ ተጭኖ ሲለቀቅ በ20 ሰከንድ አካባቢ ያልቃል። በልምምዱ ቀን ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ አንድ አሮጌ ሲሊንደር ግቢ ውስጥ አስወጡና እያንዳንዱ ሰው ፒኑን ይንቀል፣ ወደ እሳቱ ሥር ያነጣጥር። ፒን ነቅሎ የማያውቅ ሰው በጭንቀት ሰዓት አይነቅልም።

ከአዲስ አበባ፦ ኦዲት አለብን በሚቀጥለው ሳምንት። የልምምድ ሪፖርት ፎርማት ብትልክልን? ስማችንን ብቻ እንድንሞላ።

መልስ፦ አልልክም ወንድሜ። ያልተደረገ ልምምድ ሪፖርት እንዲጻፍ አልረዳም። አንድ ሳምንት አለህ፣ ልምምዱ ግማሽ ሰዓት ነው። አድርጉት፣ ከዚያ ደወሉ የተመታበትን ሰዓት፣ የመጨረሻው ሰው የወጣበትን ሰዓት፣ የተቆጠረውን ሰውና የተበላሸውን ነገር ጻፍ። ሪፖርት ይሄ ነው።

ከሐረር፦ ሰው ራሱ ቢያያዝስ? ጋውኑ ቢቃጠል ማለቴ ነው። ልምምድ ውስጥ ይግባ?

መልስ፦ ይግባ! አሜሪካ ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2008 የ23 ዓመት ልጅ የላብ ረዳት ቴርት ቡቲል ሊቲየም የሚባል ኬሚካል በሲሪንጅ ስትቀዳ ፒስተኑ ወጣና አየር ሲነካው ተቀጣጠለ። ጋውን አልለበሰችም፣ የለበሰችው ሹራብ ሰው ሠራሽ ክር ነበር። የአደጋ ጊዜ ሻወሩ ጥቂት እርምጃ ላይ ነበር፣ አልተጠቀሙበትም። ከ18 ቀን በኋላ ሞተች። ሻወር መኖሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ እግር ራሱ ወደዚያ እንዲሄድ መልመድ ሌላ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከወንበሩ ተነስቶ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጓደኛው እየጠበቀው፣ ወደ ሻወሩ ይሂድ። ከ10 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ሩቅ ነው፣ ወይም መንገዱ ላይ ካርቶን አለ። ሻወር ከሌላችሁ መሬት ላይ መንከባለልን ተለማመዱ። የጥጥ ጋውን ልበሱ፤ ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ከወሎ፦ ፈሳሽ ናይትሮጅን ላለበት ክፍልስ?

መልስ፦ እሱ የእኔ ሙያ አይደለም። የሚያቀርብላችሁን ጠይቁ።

ከአዲስ አበባ፦ እኛ ዋናውን ብሬከር እንዘጋለን ብለን ጽፈናል። በቂ ነው?

መልስ፦ ጄኔሬተር አላችሁ? በራሱ የሚነሳ ከሆነ ብሬከሩን ስትዘጉ መብራት የሄደ መስሎት ሊነሳና መልሶ ኤሌክትሪክ ሊለቅባችሁ ይችላል። ከመስመሩ ወደ ጄኔሬተር የሚቀይረው ሳጥን የት እንደሆነና ማን እንደሚያጠፋው በስም ይጻፍ። ሌላው፣ የእሳት አደጋ መኪና የቤት ቁጥር አይፈልግም፣ ሰው ነው የሚፈልገው። አንድ ሰው ዋናው አስፋልት ላይ ወጥቶ እንዲቆም በልምምዱም መድቡ።

ከደሴ፦ የኋላ በሩን ካልቆለፍን ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ይሰረቃል። ይሄን የሚረዳልን የለም።

መልስ፦ እኔ እረዳለሁ። ግን ስማኝ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 ኒውዮርክ ውስጥ ትራያንግል የተባለ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሰው ሞተ። 9ኛው ፎቅ ላይ አንዱ በር ተቆልፎ ነበር። ሠራተኛ ዕቃ ይዞ እንዳይወጣ ተብሎ የሚቆለፍ በር ነው። ከውስጥ በደረት ሲገፋ የሚከፈት፣ ከውጭ ግን የማይከፈት የብረት መግፊያ አለ፤ ብየዳ ቤት እንኳ ቀለል ያለውን ይሠራዋል። ሪኤጀንቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፍ። ሰው የሚወጣበትን በር አትቆልፍ። አሠሪህ ገንዘብ የለም ካለ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 የሠራተኛን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ እሱ ላይ እንደጣለ ንገረው።

ከጎንደር፦ የእኛ ቁልፍ በመስታወት ሳጥን ውስጥ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ይበቃል አይደል?

መልስ፦ በጭስ ውስጥ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ቁልፍ ቀዳዳ ፈልግ። አይበቃም።

ከሐዋሳ፦ ተመለስኩ ጋሼ። ሁለተኛ ፎቅ ነን፣ 9 ሠራተኛ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ 20 ታካሚ። ሁለት መውጫ አለ። የኋላውን ለመግፋት ሄጄ አልደረስኩበትም፣ ፊቱ ላይ የሪኤጀንት ፍሪጅ ቆሟል። ከአንድ ዓመት በላይ እዚያው ነው፣ አንዳችንም አላስተዋልነውም። ቁልፉ አስተዳደር ጋ ነው፣ እነሱ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ይወጣሉ። የማታ ፈረቃ አለን።

መልስ፦ ጎበዝ። ነገ ፍሪጁ ይነሳ፣ የቆመበት ወለል ላይ ቢጫ ቀለም ቀቢ፣ ሌላ ዕቃ እንዳይተካበት። ቁልፉን ዛሬ ማታ የፈረቃው ኃላፊ አንገቷ ላይ ታድርገው፣ መግፊያው እስኪሠራ ድረስ። ሐሙስ ከሰዓት ታካሚ ሲቀንስ የመጀመሪያውን ልምምድ አድርጉ፣ ተነግሮ፣ በእግር። ግማሹ ሰው በፊት፣ ግማሹ በኋላ በር ይውጣ። ሁለተኛውን ደግሞ በማታ ፈረቃ፣ መብራት አጥፍታችሁ። ሐሙስ ማታ ስንት ሰው እንደቆጠርሽ ጻፊልኝ፣ ጽዳቷንም ቆጥረሽ።