የሕዝብ ቆጠራ ገጽ ሲፈተሽ፦ ከጎጃም አንባቢያን የመጡ ጥያቄዎች

ስለ ኢትዮጵያ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዊኪፒዲያ የተጻፉ ገጾችን ይመኑ አይመኑ የቸገራቸው አንባቢያን የላኳቸው ጥያቄዎች በርከት ብለዋል። ተመሳሳዮቹን አጣምረን መልሰናል።

የባሕር ዳር ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አንድ ገጽ ላይ 155,428፣ ሌላው ላይ 180,174፣ ሦስተኛው ላይ 221,991 ነው ይላል። የተሳሳተው የትኛው ነው? (ከባሕር ዳር)

ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ጥፋቱ የየት ቁጥር እንደሆነ ሳይናገር ቁጥሩን ብቻ ያሰፈረው ገጽ ነው። 221,991 የባሕር ዳር ልዩ ዞን ጠቅላላ ነዋሪ ሲሆን የገጠር ቀበሌዎችን ይጨምራል። 180,174 ከዚሁ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ነው፤ በዙሪያው ያሉ ትንንሽ ከተሞችም አሉበት። 155,428 ዋናው ከተማ ብቻ ነው። ከቁጥሩ ጎን «ከተማ» ወይም «ልዩ ዞን» የሚል ካልተጻፈ ያን መስመር ባይጠቅሱት ይሻላል።

አንድ ቀላል መፈተኛም አለ፤ ወንድና ሴት ሲደመሩ ጠቅላላውን ሊሰጡ ይገባል። ምሥራቅ ጎጃም 1,066,716 ወንድና 1,087,221 ሴት ነበረው፤ ድምሩ 2,153,937 ይመጣል። አንድ ሰው ገብቶ አንዷን አሃዝ ቢነካካ ድምሩ ያጋልጠዋል።

ገጹ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የአገሪቱ ሕዝብ በዓመት 2.6 በመቶ አደገ ይላል። ተማሪዎቼ ሲያሰሉት ግን አንዱ 3.2፣ አንዱ 3.0፣ አንዱ 2.5 አመጣ። (የጂኦግራፊ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም)

ገጹ ልክ ነው፤ ተማሪዎችዎን ያሳታቸው ጊዜው ነው። ሁለተኛው ቆጠራ የተካሄደው ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲሆን ሦስተኛው ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። መካከሉ 12 ዓመት ከ7 ወር ከ19 ቀን፣ በአስርዮሽ 12.63 ዓመት ነው። ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ነው ብሎ በ10 ያካፈለ 3.2 ያገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ላይ 1994ን ቀንሶ በ13 ያካፈለ 2.5 ያገኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 73,918,505ን ለ53,477,265 ያካፍሉ፤ 1.3822 ይመጣል። ካልኩሌተሩ ላይ «ኤልኤን» (ln) የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ 0.3237 ይሰጣል። ይህን ለ12.63 ሲያካፍሉ 0.0256፣ ማለትም 2.6 በመቶ ገደማ ይሆናል። 3.0 ያመጣው ተማሪ 38.2 በመቶውን እንዳለ ለ12.63 አካፍሎ መሆን አለበት፤ ዕድገቱ በዕድገት ላይ እየተደራረበ እንደሚሄድ ዘንግቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ገጾች የሚዘሉት ነገር አለ። በ1999ኙ ቆጠራ አፋርና ሶማሌ ክልሎች የተቆጠሩት ከሌሎቹ ወራት ዘግይቶ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ሁለቱም 2007 ስለሆነ አይታወቅም፤ በእኛ ግን ዓመቱ ተሻግሯል። የፈረንጆቹን ዓመት ወደ እኛ ሲቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይቀንሱ። አንድ ገጽ «1999» ብሎ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካላለ ጥራቱን ከዚያው መጠርጠር ነው።

ጠቅላላ ድምሩ ራሱ በሁለት መልክ ይገኛል፦ በማጠቃለያ ሪፖርቱ 73,918,505፣ በኋላ በወጡት ዝርዝር ሠንጠረዦች 73,750,932። መግቢያው ላይ አንዱን፣ ሠንጠረዡ ውስጥ ሌላውን ይዞ ዝም ያለ ገጽ ጸሐፊው ምንጮቹን እንዳላስተያየ ይመሰክርበታል።

የአማራ ክልል ቁጥር ያስነሣውን ክርክር ገጹ መጻፍ አለበት? አንዳንዱ ጨርሶ አያነሳውም፣ አንዳንዱ ከርእሱ ጀምሮ ያጮኸዋል። (ከሞጣ)

መጻፍ አለበት። ከጥሩ ገጽ የሚጠበቀው የተቆጠረውን (17,221,976)፣ ቀድሞ የተተነበየውን (19.6 ሚሊዮን ገደማ)፣ የክልሉን ዓመታዊ ዕድገት (1.7 በመቶ) ከአገሪቱ 2.6 ጋር ማስቀመጥ ነው። ጉዳዩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መነሣቱን፣ በ2004 ዓ.ም. በቆጠራዎች መካከል የሚደረግ የናሙና ጥናት መካሄዱንም መጥቀስ ይኖርበታል። «2.4 ሚሊዮን ሰው ጠፋ» ብሎ የሚጀምር ገጽ ትንበያን ከቆጠራ እኩል አድርጎታል። ልዩነቱ ከቆጠራ ጉድለት፣ ከወሊድ መቀነስ፣ ከፍልሰት ወይም ከትንበያው መነሻ ግምት ሊመጣ ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ መፍረድ የመዝገበ ዕውቀት ጸሐፊ ሥራ አይደለም። ክርክሩን ጨርሶ የሚዘለው ገጽ በእኛ ግምት የባሰ ነው፤ አንባቢው ክርክር መኖሩን እንኳ አያውቅም።

የገጹን ታሪክና የውይይት ገጹን ይክፈቱ። ያው አንድ ቁጥር በጥቂት ቀናት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲቀያየር ካዩ፣ ጠቡ እስኪበርድ ከዚያ ገጽ ምንም አይቅዱ።

40 የግርጌ ማስታወሻ ያለው ገጽ አገኘሁ። ይህን ያህል ምንጭ ካለው ይበቃል? (ተማሪ፣ ዳንግላ)

አይበቃም። ሦስቱን ብቻ ይፈትሹ፦ የጠቅላላ ድምሩን፣ የአንድ ዞን ቁጥርንና የአንድ መቶኛን። ምንጩ ይከፈታል? የሠንጠረዥ ወይም የገጽ ቁጥር ይዟል? ቁጥሩ እንዳለ እዚያ አለ? ለዞን ቁጥር የሚታመነው ምንጭ ለአማራ ክልል ለብቻው የወጣው የቆጠራ ሪፖርት ነው፤ የጋዜጣ ዜና አይተካውም።

ክፉው ነገር ዙሪያ ጥምጥም ነው። አንድ ድረ ገጽ ቁጥሩን ከዊኪፒዲያ ይወስዳል፤ ዊኪፒዲያ ደግሞ ያንኑ ድረ ገጽ ምንጭ ያደርጋል። በገጹ ታሪክ ቁጥሩ መጀመሪያ የገባበትን ቀን ይፈልጉ፤ «ምንጩ» ከዚያ በኋላ የታተመ ከሆነ ምንጭ አይደለም። ያልተከፈተ አገናኝ ግን ብቻውን ጥፋት አይሆንም፤ ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት ከተባለ ወዲህ የድሮው አድራሻ ስለተለወጠ ብዙ አገናኞች ሞተዋል። የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ አድራሻውን ይሞክሩት።

የጎጃምን ሕዝብ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያወዳድር ሠንጠረዥ ይታመናል? (ከደብረ ማርቆስ)

እንዳለ አይታመንም። የ1976ቱ ጎጃም ክፍለ ሀገር ነው፤ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያለው መተከል በውስጡ ነበር። በ1999 ምሥራቅ ጎጃምን፣ ምዕራብ ጎጃምን (2,106,596)፣ አዊን (982,942) እና የባሕር ዳር ልዩ ዞንን ብንደምር 5,465,466 ይመጣል፤ ያው መተከል የለበትም። በዚያ ላይ የ1976ቱ ቆጠራ በጦርነት ምክንያት የደረሰው 81 በመቶ ገደማ ለሚሆነው ሕዝብ ብቻ ነው፤ የቀረው ተገምቶ ነው 42.6 ሚሊዮን የተባለው፣ እሱም ኤርትራን ይዞ። በኋላ ከምዕራብ ጎጃም የወጣው ሰሜን ጎጃም ዞን ደግሞ በየትኛውም ቆጠራ ለብቻው አልተቆጠረም። «በ1999 ቆጠራ ሰሜን ጎጃም» የሚል መስመር ካጋጠመዎ አንድ ሰው ወረዳዎቹን ደምሮ የሠራው ነው፤ ደምሬ ነው ማለት ነበረበት።

ማንበብና መጻፍ የሚችለው መቶኛ ከሁሉም ሰው ተጠይቆ ነው? ደግሞስ 30 እና 40 ዓመት የሆነው ሰው ለምን በዛ? (ከቢቸና)

አይደለም። ጾታ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖትና የመሳሰለው በአጭሩ መጠይቅ ከሁሉም ይጠየቃል። ትምህርትና ወሊድን የመሰለው ግን ከአምስት ቤተሰብ አንዱ በተሞላው ረጅም መጠይቅ ነው። ስለዚህ ውጤቱ የናሙና ግምት ነው፤ ገጹም እንዲህ ማለት አለበት።

30 እና 40 ዓመት የሆነው ሰው የበዛው፣ ብዙ ሰው ልደቱን በትክክል ስለማያውቅ ዕድሜውን በ0 ወይም በ5 ወደሚያልቅ ቁጥር ስለሚያጠጋጋ ነው። የማጠጋጋቱ መለኪያ የዊፕል ኢንዴክስ ይባላል፦ ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት መካከል ዕድሜያቸው በ0 እና በ5 የሚያልቀውን ደምረው በ5 ያባዙ፣ በዚያው የዕድሜ ክልል ላለው ሕዝብ ሁሉ ያካፍሉ፣ በ100 ያባዙ። 100 ማጠጋጋት የለም ማለት ነው፤ ከ175 በላይ ከሆነ የዕድሜ መረጃው እጅግ ደካማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ኢትዮጵያ 105 ሚሊዮን ነበረች ወይስ 123? (ከቡሬ)

ሁለቱም ግምት ናቸው፤ የመጀመሪያው የስታትስቲክስ አገልግሎቱ ትንበያ፣ ሁለተኛው የተባበሩት መንግሥታት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ቢልም አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ስለተላለፈ፣ ከ1999 ወዲህ «ተቆጠረ» የሚል ቃል ከአገሪቱ ጠቅላላ ቁጥር ጎን ካዩ ገጹ ላይ ቢያርሙት ጥሩ ነው፤ «ተገመተ» ይበሉ፣ ገማቹንና ዓመቱን ይጨምሩ።