ባለቤቴ ህንዳዊ ነው፤ የት አገር ብንኖር ይሻላል?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የተወለድኩት ደሴ ነው። ባለቤቴ ህንዳዊ ነው፤ የኬረላ ግዛት፣ የኮታያም ሰው፣ የማላንካራ ኦርቶዶክስ አማኝ። ሲቪል መሐንዲስ ሲሆን ከአራት ወር በኋላ 44 ዓመት ይሞላዋል። የተጋባነው አዲስ አበባ በቤተ ክርስቲያን ነው፤ በኋላም በወሳኝ ኩነት አስመዝግበናል። አሁን የምንኖረው ዱባይ በእሱ የሥራ ቪዛ ነው። የ7 ዓመት ወንድ ልጃችን የህንድ ፓስፖርት አለው፤ የሁለት ወር ሴት ልጃችን ግን ከሆስፒታሉ የልደት ወረቀት በቀር ምንም የላትም። የባለቤቴ ኩባንያ ሠራተኛ እየቀነሰ ነው። ወላጆቹ “አገራችሁ ግቡ” ይሉናል፤ እሱ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ይላል። አሜሪካ ለህንዳዊ እንደማይሞከር ጓደኞቹ ነግረውታል። አንድ ኤጀንት በ25 ሺህ ድርሃም የካናዳ የሥራ ደብዳቤ አወጣላችኋለሁ ብሎናል። የእኔ ልብ አዲስ አበባ ነው። የት ብንኖር ይሻላል? የኢትዮጵያ ዜግነቴንስ አጣለሁ? እኔ በዲግሪ የተመረቅኩ ነርስ ነኝ፤ እዚህም በሙያዬ እሠራለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ አገር ምርጫ ከመነጋገራችን በፊት የትንሿን ልጅ ጉዳይ በዚህ ሳምንት ይጀምሩት። በኤምሬትስ ለተወለደ ሕፃን በ120 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ቪዛ መውጣት አለበት፤ ካለፈ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጥራል። ለቪዛ ደግሞ ፓስፖርት ያስፈልጋል። የሁለት ወር ልጅ ከሆነች ግማሹ ጊዜ ሄዷል ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው የህንድ ሕግ ነው። አባቷ ህንዳዊ ስለሆነ ልጅቷ በራሷ ጊዜ ህንዳዊት ትሆናለች ብላችሁ አትዘናጉ። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 3 ቀን 2004 ወዲህ ከህንድ ውጭ የተወለደ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ በህንድ ቆንስላ ካልተመዘገበ ዜግነቱን የሚያገኘው በማዕከላዊ መንግሥቱ ልዩ ፈቃድ ብቻ ነው። በምዝገባው ጊዜ ወላጆች ልጁ የሌላ አገር ፓስፖርት እንደሌለው በጽሑፍ ያረጋግጣሉ። ስለዚህ “ቶሎ ይደርስልኛል” ብለው የኢትዮጵያ ፓስፖርት አስቀድመው እንዳያወጡላት። ወንድሟ የያዘው የህንድ ፓስፖርት ነው፤ ሁለት ልጆችን በሁለት ዓይነት ፓስፖርት ይዞ በየኤምባሲው መንከራተት ምን እንደሚመስል በደንበኞቼ አይቻለሁ።

ይህ ማለት ግን ልጆቹ የእርስዎ አገር ልጆች አይደሉም ማለት አይደለም። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 6 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። ችግሩ ሁለቱም አገሮች ጥምር ዜግነት አይቀበሉም፤ ሁለቱም ውሳኔውን የሚጠይቁት 18 ዓመት ሲሞላ ነው። ህንድ “በስድስት ወር ውስጥ ሌላውን ዜግነት ካልተውክ ህንዳዊ አይደለህም” ትላለች፤ የእኛ የዜግነት አዋጅ 378 ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ የውጭውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚፈልግ ያላስታወቀውን እንደተወ ይቆጥረዋል። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ይህን ያስረዷቸው፤ ቀኑ ሲያልፍ ዝም ማለትም እንደ ውሳኔ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። እናንተ አራት አገር አነጻጽራችሁ አንዱን ልትመርጡ ትፈልጋላችሁ። እኔ ግን የትኛው በር በእድሜ እንደሚዘጋና የትኛው ሳይዘጋ እንደሚቆያችሁ ብትለዩ ይሻላል እላለሁ። ኮታያም ከአሥር ዓመት በኋላም ትጠብቃችኋለች፤ አዲስ አበባም እንዲሁ። ካናዳና አውስትራሊያ አይጠብቁም።

ዱባይ ያላችሁበት ሁኔታ በአንድ ሰው ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የባለቤትዎ ቪዛ ሲሰረዝ በእሱ ስም የገባችሁት ሁላችሁም ለመውጣት ወይም ሌላ ስፖንሰር ለማግኘት የተወሰነ ቀን ይሰጣችኋል። አሥር ዓመት የሚቆየው ጎልደን ቪዛ በአብዛኛው በሁለት ሚሊዮን ድርሃም ንብረት ወይም በከፍተኛ ደመወዝ የሚገኝ ነው፤ እሱም ቢሆን ወደ ዜግነት አያደርስም። ሥራው እየተናጋ ቤት ለመግዛት ብድር ውስጥ መግባት አልመክርም። ባለቤትዎ ከተሰናበተ ግን የአገልግሎት ክፍያውን አጥብቆ ይጠይቅ፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው በየዓመቱ የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ሕጉ ይሰጠዋል።

ለህንድ ደግሞ እርስዎ ኦሲአይ የሚባለውን ካርድ ማውጣት ይችላሉ። ስሙ “የባሕር ማዶ የህንድ ዜጋ” ቢልም ዜግነት አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ቪዛ ነው፤ ኢትዮጵያዊነትዎንም አይነካም። የህንዳዊ የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው ጋብቻው ተመዝግቦ ሳይቋረጥ ሁለት ዓመት ከቆየ ነው። የማላንካራና የኢትዮጵያ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት በእምነት አንድ ስለሆኑ ቤተ ክርስቲያን ያለ ችግር አጋብታችሁ ይሆናል፤ ቆንስላው የሚያየው ግን የወሳኝ ኩነቱን ወረቀት ነው። ያንን በአዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በህንድ ኤምባሲ አረጋግጣችሁ ያዙት። አንድ ነገር ልሰውርዎ አልፈልግም፦ በጋብቻ የተገኘ ኦሲአይ ትዳሩ በፍርድ ቤት ከፈረሰ ይሰረዛል። ትዳራችሁን ክፉ አይንካው፤ ግን የእርስዎ የመኖር መብት ዱባይም ህንድም በባለቤትዎ በኩል ብቻ የሚመጣ መሆኑን ልብ ይበሉ። ለዚህም ነው የምርጫውን ክብደት ወደ እርስዎ ማዞር የምፈልገው።

የኢትዮጵያ ዜግነትዎን በተመለከተ፣ የውጭ ዜጋ በማግባትዎ አላጡትም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 በግልጽ ይከለክላል። የየትኛውም አገር ቋሚ ነዋሪ ቢሆኑም አያጡትም። የሚያጡት የሌላ አገር ዜግነት ፈልገው ሲወስዱ ነው። “ካናዳ ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች” ሲባል እውነት ነው፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ዜግነት ይቀጥል አይቀጥል የሚወስነው የኢትዮጵያ ሕግ ነው፤ ለባለቤትዎም የህንድ ሕግ እንዲሁ ይላል። ዜግነት ብትቀይሩ እርስዎ ቢጫ ካርድ የምንለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይወስዳሉ፤ ያለ ቪዛ ገብተው፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ሠርተው ይኖራሉ፤ አይመርጡም፣ አይመረጡም። እሱም ፓስፖርቱን ለህንድ መልሶ ኦሲአይ ይወስዳል። ኮታያም የጎማ ዛፍ አገር ናትና አባቱ እርሻ ካላቸው ይህን ይወቅ፦ ኦሲአይ የያዘ ሰው የእርሻና የተክል መሬት መግዛት አይችልም፣ መውረስ ግን ይችላል። በውጭ የሚኖር የህንድ ዜጋም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መብት የለውም፤ ስለዚህ የአባት መሬት ይቀርብኛል ብሎ ከካናዳ ወደኋላ ማለት የለበትም።

አሁን ደብዳቤዎን ሲጨርሱ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ወዳለፏት ነገር ልምጣ። ነርስ ነዎት፤ ዕድሜዎ 34 ነው። ደብዳቤው በሙሉ ባለቤትዎ ወዴት ሊወስዳችሁ እንደሚችል ይጠይቃል። እኔ ፋይሉን ብይዘው ዋና አመልካች የማደርገው እርስዎን ነው።

ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው የካናዳ የነጥብ ምርጫ ከትዳር ጓደኛ ጋር የሚያመለክት ሰው በ43 ዓመቱ ለዕድሜ የሚያገኘው 15 ነጥብ ነው። ባለቤትዎ ከአራት ወር በኋላ 44 ሲሞላው 5 ይሆናል፤ 45 ሲሞላው ዜሮ። እርስዎ ዛሬ 75 ነጥብ አለዎት። ከዚያ በላይ ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የጤና ባለሙያዎችን ለብቻ የምትጋብዝበት ዙር አላት። በአውስትራሊያ የነጥብ ቪዛ ለመጋበዝ ከ45 ዓመት በታች መሆን ግድ ነው፤ ለዕድሜ እርስዎ 25 ነጥብ ሲያገኙ እሱ 15 ያገኛል። የእሱ ትምህርትና እንግሊዝኛ እንደ ትዳር ጓደኛ ተደምሮልዎት ፋይሉን ያጠነክረዋል። ሁለታችሁም አይኢኤልቲኤስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ተቀመጡ፤ በካናዳ ስሌት አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ነጥቡን በብዙ ይለውጠዋል። በካናዳ በነርስነት ለመሥራት ግን ቋሚ ነዋሪነቱ ብቻውን አይበቃም፤ የየግዛቱ የነርሶች ተቆጣጣሪ አካል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱ ጊዜ የሚወስድ ስለሆነ ከቪዛው ጎን ለጎን ይጀመር። የካናዳን ቋሚ ነዋሪነት ለመጠበቅ በአምስት ዓመት ውስጥ 730 ቀን እዚያ መኖር ግድ ነው። “ካርዱን አውጥተን ዱባይ እንመለሳለን” የሚል ሐሳብ ካላችሁ ይህችን ቁጥር አስታውሱ።

የኤጀንቱን ነገር ተዉት። እ.ኤ.አ. ከማርች 2025 ወዲህ የሥራ ደብዳቤ በኤክስፕረስ ኢንትሪ ነጥብ አይሰጥም፤ 25 ሺህ ድርሃም የምትከፍሉት ዋጋው ለቀረ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ካናዳ ለአምስት ዓመት ታግዳችኋለች፤ እገዳው የሚያርፈው በእርስዎና በባለቤትዎ ላይ እንጂ በኤጀንቱ ላይ አይደለም። በካናዳ ጉዳይ ገንዘብ ተቀብሎ ሊወክላችሁ የሚችለው የካናዳ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም አማካሪ ብቻ ነው፤ የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁና በመዝገቡ አረጋግጡ።

አሜሪካን በተመለከተ የባለቤትዎ ጓደኞች ያወቁት ግማሹን ነው። በሥራ በኩል የሚሰጠው ግሪን ካርድ ለአንድ አገር ተወላጆች ከጠቅላላው ከ7 በመቶ በላይ አይሰጥም። የህንድ ተወላጆች ብዙ ስለሆኑ ወረፋቸው ከአሥር ዓመት በላይ ወደኋላ ቀርቷል። የሚቆጠረው የትውልድ አገር ነው፤ ባለቤትዎ ነገ ካናዳዊ ቢሆንም ለአሜሪካ ያው ህንድ የተወለደ ሰው ነው። ነገር ግን ሕጉ ባልና ሚስት እንዳይለያዩ ሲል አንዱ በሌላው የትውልድ አገር ወረፋ እንዲቆም ይፈቅዳል። እርስዎ ደሴ ተወልደዋል። ስለዚህ ባለቤትዎን የሚፈልግ ቀጣሪ ቢገኝ እንኳ በኢትዮጵያ ወረፋ ሊቆም ይችላል። ከዚህም የሚሻለው አሁንም የእርስዎ ሙያ ነው፤ አሜሪካ ለነርሶች “የአገሬን ሠራተኛ አጣሁ” የሚለውን የሥራ ገበያ ማረጋገጫ ከቀጣሪው አትጠይቅም። ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና ማለፍና ቪዛ ስክሪን የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ መያዝ ይጠበቅብዎታል። የዲቪ ዕጣም ለህንድ ተወላጅ ዝግ ሲሆን ዕጣው ክፍት ከሆነ ግን በእርስዎ በኩል እሱም ይካተታል። የአሜሪካ የቪዛ መመሪያ ግን በቅርቡ ደጋግሞ ተለዋውጧል፤ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የስደተኛ ቪዛ በዚያ ሰሞን እየተሰጠ መሆኑን ከኤምባሲው ገጽ አረጋግጡ። ለዚህም ነው አሜሪካን ሁለተኛ የማደርጋት።

ልብዎ አዲስ አበባ መሆኑን አላለፍኩትም። ባለቤትዎ ኢትዮጵያ መጥቶ ለመሥራት የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጋብቻችሁ ሁለት ዓመት ካለፈውና እዚህ አንድ ዓመት ከኖረ የኢትዮጵያ ዜግነት ሊጠይቅ ይችላል፤ የህንዱን ግን መተው አለበት፤ ያንን ዛሬ ከእሱ መጠየቅ ከባድ ይመስለኛል። ካናዳ ቋሚ ነዋሪ ሆነው፣ ዜግነቱን ሳይወስዱ፣ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርትዎን እንደያዙ የሚፈልጉትን ያህል መቆየት ይችላሉ፤ ዜግነት ለመጠየቅ ከአምስት ዓመት 1,095 ቀን ይበቃል እንጂ የሚያስገድድዎ የለም። ልጆቹ በእርስዎ በኩል ትውልደ ኢትዮጵያዊ ስለሚሆኑ በፈለጉ ጊዜ መግቢያ አላቸው።

ባለቤትዎ ዋና አመልካች አለመሆኑ ቅር እንዳይለው ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ነጥቡን በወረቀት ጎን ለጎን ጽፈው ያሳዩት፤ መሐንዲስ ነውና ቁጥር ይገባዋል። ልጅቷን ለማስመዝገብ ቆንስላ አብራችሁ ሂዱ። በዚያው ሳምንት ለተመረቁበት ኮሌጅ ደውለው ትራንስክሪፕትዎን በታሸገ ፖስታ በቀጥታ የትምህርት ማስረጃዎን ለሚገመግመው ድርጅት እንዲልክ ይጠይቁ፤ የእኛ አገር ሬጅስትራር ቤት ብዙ ጊዜ የሚዘገየው እዚህ ላይ ስለሆነ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ውክልና ሰጥተው በአካል እንዲከታተልልዎ ያድርጉ።